ወንዝ ማዶ ያለው ዋይፋይ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ግንፍሌ አካባቢ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ሥራዬ የሂሳብ መዝገብ ስለሆነ አብዛኛውን ከቤት ነው የምሠራው፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴም የቪዲዮ ስብሰባ አለኝ። የራሴን መስመር ለማስገባት ብጠይቅ በእኛ በኩል ለጊዜው ነጻ ፖርት የለም ተባልኩ። ከወንዙ ማዶ ያለው አብሮ አደጌ ግን ፋይበር አለው፤ መስመሩ በአባቱ ስም ነው። ‹ፓስዎርዱን ውሰጂ፣ ወርሃዊውን እኩል እንከፍላለን› ብሎኛል። በስልክ ካርታ ስለካው ርቀቱ 210 ሜትር ነው። በረንዳ ላይ ስወጣ የእሱ ዋይፋይ ሁለት ባር ያሳየኛል፣ አንዳንዴም ኮኔክት ያደርጋል፣ ግን ምንም አይከፍትም። ቡስተር ብለው የሸጡልኝን ብሰካው ክፍሌ ውስጥ ሲግናሉ አራት ባር ሞላ፤ ኢንተርኔቱ ግን ያው ነው። የበለጠ ኃይለኛ ቡስተር ልግዛ? ወይስ እሱ ራውተሩን ይቀይር? ገመድ መዘርጋትስ? ሌላ ቅርብ የሆነ የጎረቤት ዋይፋይም አለ፤ ፓስዎርዱን አንድ አፕ አውጥቶልኛል፤ እስከዚያው በእሱ ብጠቀም ችግር አለው? የገዛሁትንስ ቡስተር ምን ላድርገው?»

ምላሽ፦ ሌላ ቡስተር አይግዙ። የቀረውን ምክሬን ባይቀበሉ እንኳ ይህችን ይቀበሉኝ፤ ሁለተኛው ቡስተር የሚያደርግልዎት የመጀመሪያው ካደረገው አያልፍም።

ብዙ ሰው ዋይፋይን እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ያስበዋል፤ ራውተሩ ይናገራል፣ ስልኩ ይሰማል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በረንዳዎ ላይ የሚታየው ሁለት ባር ይበቃዎት ነበር። ነገሩ ግን ማዶ ለማዶ ቆመው የሚጣሩ ሁለት ሰዎችን ነው የሚመስለው። ራውተሩ አንዲት ቁራጭ መረጃ በላከ ቁጥር ከስልክዎ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይጠብቃል። መልሱን ካልሰማ ያንኑ ይደግማል፣ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ አሁንም ካልሰማ ትቶ ያልፋል። ራውተሩ ከግድግዳ ሶኬት እየተመገበ ስለሚናገር ድምፁ ጎላ ይላል። ስልክዎ ደግሞ ባትሪው እንዳያልቅ ድምፁን ቀንሶ የሚናገር፣ አንቴናውም ከጣት የማይበልጥ ነገር ነው። እርስዎ እሱን ይሰማሉ፣ እሱ እርስዎን አይሰማም። ባሩ የሚነግርዎት ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «ይገናኛል፣ ግን አይከፍትም» ያሉት ይኸው ነው።

በቁጥር እንየው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሄድ ሞገድ 210 ሜትር ሲጓዝ፣ መሐል ላይ ምንም እንቅፋት ባይኖር እንኳ፣ 87 ዲሲቤል ያህል ይደክማል። ዲሲቤል ሲባል አይደንግጡ፤ 3 ሲቀነስ ኃይሉ በግማሽ ወረደ፣ 10 ሲቀነስ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ ማለት ነው። የቤት ራውተር የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ 100 ሚሊዋት አካባቢ ነው፣ በባለሙያው አነጋገር 20 ዲቢኤም፣ ማለትም ከ1 ሚሊዋት በ20 ዲሲቤል የበለጠ፤ ከ1 ሚሊዋት ያነሰው ነጌቲቭ ይሆናል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ቢሆን እርስዎ ዘንድ ነጌቲቭ 67 ሆኖ ይደርስ ነበር። የስልክ አንቴና ድክመትና የጓደኛዎ ቤት አንድ የብሎኬት ግድግዳ ሲጨመርበት ወደ ነጌቲቭ 80 ይወርዳል። የቪዲዮ ስብሰባ ሳይቆራረጥ እንዲሄድ የምንፈልገው ነጌቲቭ 67 ወይም ከዚያ ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። ከ67 እስከ 80 ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በኃይል ሲታይ ግን 20 እጥፍ ነው።

ያም ጸጥታ ባለበት ሰፈር ቢሆን ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ስልክዎን ከፍተው የሚታዩትን ኔትወርኮች ቢቆጥሩ ጣትዎ አይበቃም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሳይደራረቡ የሚሠሩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ያ ሁሉ ራውተር በሦስቱ ላይ ተጋፍቶ ነው ያለው። የጓደኛዎ ድምፅ በገበያ መሐል እንደሚጣራ ሰው ድምፅ ነው የሚደርስዎት።

ቡስተሩ ምን አደረገ መሰለዎት? ስሙ አሳሳች ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ሪፒተር ነው፣ የሰማውን ደጋሚ። ክፍልዎ ውስጥ ሰክተውታል፤ ከማዶ የሚመጣውን ያን የተቆራረጠ ድምፅ ሰምቶ በጎላ ድምፅ ይደግምልዎታል። አራቱ ባር በስልክዎና በሪፒተሩ መካከል ያለው ነው፤ በሪፒተሩና በጓደኛዎ መካከል ያለውን አያሳይም። ርካሾቹ ደግሞ በአንድ ሬዲዮ ሰምተው በዚያው ስለሚናገሩ፣ ሥራው በአግባቡ ሲሠራ እንኳ ፍጥነቱን በግማሽ ይቆርጡታል። ማሸጊያው ላይ «በሁለቱ መሐል ያስቀምጡት» የሚል መመሪያ አለ፣ እውነትም ነው። የእርስዎ መሐል ግን የግንፍሌ ወንዝ ነው፤ እዚያ ሶኬት የለም።

ራውተሩን መቀየርም አያዋጣም። ጉልበተኛ ራውተር የእሱን ድምፅ ብቻ ነው የሚያጎላው፤ የእርስዎ ስልክ እንደዚያው ቀጭን ድምፁን ይዞ ይቀራል። አለነገር አይደለም አንዳንድ ሰው አዲስ ራውተር ገዝቶ «አሁን ሦስት ባር ሆነ፣ ግን ያው ነው» የሚለኝ። ራውተሩን ካለበት ጓዳ አውጥቶ ወደ እርስዎ በሚያይ መስኮት ማስጠጋት ግን ነጻ ስለሆነ ይሞከር። መስታወት ብዙ አይጎዳም፣ የጭቃ ግድግዳም ሲደርቅ ይምራል፤ ብሎኬትና በተለይ ብረት ያለበት ኮንክሪት ከባድ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ የፊት ማያ መስታወት ብርሃንን እንደሚመልስ መልሶ ይወረውረዋል። የአሉሚኒየም ሰሃን ከራውተሩ ጀርባ አቁሙ የሚል ቪዲዮ ካዩ ውሸት አይደለም፣ ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋዋል፤ ለ210 ሜትር ግን የቤት እቃ ማባከን ነው።

ገመዱን ይተዉት። የኔትወርክ ገመድ በደንቡ እስከ 100 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ መሐል ላይ ስዊች (ተቀብሎ አድሶ የሚያሳልፍ ሳጥን) ይፈልጋል፣ መሐሉ ያው ወንዙ ነው። ርቀቱ ቢፈቅድ እንኳ በሁለት የተለያዩ ሕንጻዎች መካከል የመዳብ ገመድ በአየር ላይ መወጠር ክረምት ላይ መብረቅን ቤት ድረስ መጋበዝ ነው። ፋይበር መብረቅ አይስብም፣ ርቀቱም አይከብደውም፤ ነገር ግን የሰው ግቢና የሕዝብ መንገድ ማቋረጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ከተማው የተንጠለጠለውን ገመድ ሁሉ መሬት ውስጥ እየቀበረ ባለበት ሰዓት የእርስዎ አንዲት ገመድ አንድ ጠዋት ተቆርጣ ብትገኝ የሚከሱት ሰው አይኖርም።

የሌላውን ጎረቤት ዋይፋይ በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይጠቀሙ። ፓስዎርድ ማወቅና ፈቃድ ማግኘት አንድ አይደሉም። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓትና ኔትወርክ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል፤ «አፑ ነው ያወጣልኝ» ማለት መከላከያ አይሆንም። ሌላም አለ። ከእነዚህ አፖች ብዙዎቹ ፓስዎርድ የሚያገኙት አስማት ስላላቸው ሳይሆን የጫኗቸው ሰዎች ስልክ ላይ ያለውን እየሰበሰቡ ነው። የጓደኛዎን ፓስዎርድ ስልክዎ ላይ አስገብተው ያ አፕ ካለ፣ የአባቱ ዋይፋይ እስካሁን ለሰፈሩ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። አፑን ያጥፉት፣ እሱም ፓስዎርዱን ዛሬውኑ ይቀይር።

አሁን ወደሚሠራው እንሂድ።

የሚያስፈልግዎት ድምፅ ማጉያ ሳይሆን እጁን አፉ ላይ እንደ ቀንድ አድርጎ የሚጣራ፣ በጆሮው ላይም መዳፉን አድርጎ የሚያዳምጥ ነገር ነው። አቅጣጫ ያለው አንቴና ይኼው ነው። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ ሲናገርም ሲሰማም እኩል መርዳቱ ነው። በገበያው ላይ ሲፒኢ እየተባለ የሚሸጥ፣ የጫማ ሳጥን ክዳን የሚያክል፣ ምሰሶ ላይ የሚታሰር ነጭ ፕላስቲክ አለ፤ የቲፒ-ሊንኩ ሲፒኢ510 እና የዩቢኩዊቲው ናኖስቴሽን የታወቁት ናቸው። ሲፒኢ510 በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ሲሆን የአንቴናው አቅም 13 ዲሲቤል ነው። ሁለቱን ፊት ለፊት ሲያቆሟቸው 26 ዲሲቤል ይሆናል፣ በኃይል ሲታይ 400 እጥፍ ማለት ነው። በ5 ጊጋኸርዝ 210 ሜትሩ ወደ 94 ዲሲቤል ያደክማል፤ እንዲያም ሆኖ ሁለቱ በደንብ ከተያዩ ነጌቲቭ 50 አካባቢ ላይ ይደማመጣሉ። ለዚህ ዓይነት መሣሪያ 210 ሜትር ቀላል ነው፤ የተሠሩት ለኪሎ ሜትሮች ነው።

በአንድ ብቻ መሞከር ይቻላል ወይ የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ አንዱን እርስዎ ዘንድ ሰቅለው በቀጥታ የጓደኛዎን ራውተር እንዲሰማ ማድረግ ነው። ለዚህ የ2.4 ጊጋኸርዙ ሲፒኢ210 ይሻላል፣ ክላየንት ራውተር በሚለው አሠራር (ከሌላ ዋይፋይ ተቀብሎ ለቤትዎ በሚያካፍልበት) ይዋቀራል። ገንዘቡ በግማሽ ይቀንሳል። ግን ያው በተጨናነቀው ሞገድ ላይ፣ የሰውየውን ግድግዳ እያሳበሩ ነው። ለመዝናኛ ቢሆን «ይሞክሩት» እል ነበር፤ ለእንጀራዎ ስለሆነ ሁለት ይግዙ።

ሁለቱ መተያየት አለባቸው ስል በዓይን መታየት ብቻ አይበቃም። ሞገድ በክር አይሄድም፣ መሐሉ ወፍራም በሆነ፣ ሲጋራ በሚመስል ቅርጽ ነው የሚሄደው። ለእርስዎ ርቀት በ5 ጊጋኸርዝ መሐል ላይ ራዲየሱ 1.7 ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ከዓይን መስመሩ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትሩ ባዶ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ዕድለኛ ነዎት። ቤቶች የተጠጋጉበት ሌላ ሰፈር ቢሆን በዚህ ርቀት መሐል ስንት ጣራ ይቆም ነበር፤ እርስዎ ሸለቆ ላይ ነው ያሉት፣ ከወንዙ በላይ ያለው አየር ነው። የሚያሰጋዎት በሁለቱ ጫፍ ያለው ነው፤ የጎረቤት ጣራ፣ የባሕር ዛፍ ጫፍ፣ የልብስ ማስጫ ሽቦ።

እና ሮቶ። አንድ ጊዜ በአንድ ሰፈር እንዲሁ ጣራ ለጣራ የሰቀልኩት ሊንክ ያሳበደኝን ልንገርዎት። ሦስት ቀን በደንብ ይሠራል፣ በአራተኛው ይሞታል፣ ማታ ይነሳል፣ ጠዋት ይሞታል። ኬብል ቀየርኩ፣ ቻናል ቀየርኩ፣ መሣሪያውንም ቀየርኩ። በኋላ ከሠራተኛዋ ጋር ስናወራ «ውሃ የመጣ ቀን ነው አይደል የሚጠፋው?» አለችኝ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነበር፤ መሐል ላይ ያለ ቤት ጣራው ላይ አዲስ ሮቶ አስቀምጧል። ባዶውን ሮቶ ሞገዱ ያልፈዋል፤ ፕላስቲክ ነው። ሲሞላ ግን ውሃው ይውጠዋል። አንቴናውን አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ሳደርገው ችግሩ ጠፋ። እርጥብ ቅጠልም እንደዚሁ ነው፤ በግንቦት በቅጠል መሐል «አልፏል» ያሉት ሊንክ በሐምሌ ሊያፍር ይችላል። ዝናቡ ራሱ ግን በዚህ ርቀትና በዚህ ሞገድ ምንም አያደርግም፣ «ዝናቡ ነው» የሚልዎትን አይስሙ።

መስመርዎ ላይ ነገ ሕንጻ እንደማይቆም ዋስትና የለም፤ ወንዝ ዳርቻው ደግሞ እየተለወጠ ያለ ቦታ ነው። ስለዚህ ቋሚ ምሰሶ አስበይደው ብዙ ገንዘብ አያውጡበት፤ ለዲሽ የሚሆን ክንድ ይበቃል። የአከራይዎን ፈቃድ ሳይጠይቁ ግን ግድግዳ እንዳይበሱ።

አቀማመጡን ዲሽ ያስተካከለ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ሰው ማዶ ስልክ ይዞ ይቆማል፣ ሌላው እያዞረ «አሁንስ?» ይላል። ልዩነቱ ይህኛው እንደ ዲሽ በሚሊሜትር የሚያስቸግር አይደለም፤ አንቴናው ሰፋ ያለ እይታ ስላለው በግምት ፊት ለፊት ካደረጉት ይያያዛል፣ ከዚያ ቁጥሩን እያዩ ነው የሚያስተካክሉት። ሁለቱም አንድ ዓይነት አቋቋም ይኑራቸው። የጓደኛዎ በኩል ያለው አክሰስ ፖይንት (ሰጪ)፣ የእርስዎ ክላየንት (ተቀባይ) ሆኖ ይዋቀራል። የቻናል ስፋቱን 20 ወይም ቢበዛ 40 ሜጋኸርዝ ያድርጉት፣ ሰፊ ማድረግ የጎረቤትን ጫጫታ አብሮ መሰብሰብ ነው። በ5 ጊጋኸርዝ መሐል ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ስለሆኑ መሣሪያው ራዳር የሰማ ሲመስለው ቦታ ይለቃል፣ ስብሰባዎ መሐል ላይ ይቋረጣል፤ ከዳሮቹ ይምረጡ። አገሩን ሲጠይቅዎ ኢትዮጵያን ይሙሉ። ጉልበቱን እስከ ጣራው ከፍ አድርገው አይተዉት፤ ነጌቲቭ 55 ካገኙ ይበቃል፣ ትርፉ ሌላውን መረበሽ ነው። መሣሪያውን ከሚያምኑት ሻጭ፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ያለው መሆኑን ጠይቀው ይግዙ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ አብሮት የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ማቀበያ ሳያዩ አይክፈሉ፤ እነዚህ መሣሪያዎች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በኔትወርክ ገመዱ ውስጥ ነው፣ የተሳሳተ ማቀበያ ያቃጥላቸዋል።

ከመሣሪያው ወደ ክፍልዎ የሚገባው ገመድ የውጭ ገመድ ይሁን፤ የቤት ውስጡ ግራጫ ገመድ በአዲስ አበባ ፀሐይ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ይሰነጠቃል። ከመግባቱ በፊት ወደታች ጎበጥ ብሎ ይውረድ፣ ዝናቡ በገመዱ ላይ ወርዶ እዚያ እንዲንጠባጠብ። ነጎድጓድ ሲጀምር ገመዱን ከክፍል ውስጥ ይንቀሉ። መሬት ማስያዣ ያለው መከላከያ ማስገባት የተሻለ ነው፤ ያለ መሬት ሽቦ የሚሰካው «የመብረቅ መከላከያ» ግን ጌጥ ነው።

መብራትን ያስቡበት። ኢንተርኔትዎ ከእንግዲህ በሁለት ቤት መብራት ላይ ይንጠለጠላል። ወንዙ ማዶና ማዶ ከሆናችሁ በተለያየ ትራንስፎርመር ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ የእሱ ሲጠፋ የእርስዎ በርቶም ኢንተርኔት የለም። ትንንሾቹ የራውተር ዩፒኤሶች ይህን ይፈታሉ፤ መሣሪያው የሚወስደው ከ10 ዋት ያልራቀ ስለሆነ ብዙ ባትሪ አይጠይቅም። ሲገዙ ግን የሚሰጠውን ቮልት ያስተውሉ፤ ራውተሩ በአብዛኛው 12 ቮልት፣ ሲፒኢው 24 ቮልት ነው የሚፈልገው። በጓደኛዎ ቤት ሦስት ነገር መሥራት አለበት፤ የፋይበሩ ሳጥን፣ ራውተሩና ሲፒኢው። አንዱን ረስቶ ሁለቱን በባትሪ ማስያዝ የተለመደ ስህተት ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ የሚያገኙት ፍጥነት የጓደኛዎ ቤት ካለው አይበልጥም። ሊንኩ በምቾት ከ50 ሜጋቢት በላይ ያሳልፋል፤ የእሱ ፓኬጅ 10 ከሆነ ግን አሥሩን ነው የምትካፈሉት። አንድ የቪዲዮ ስብሰባ በመውረጃም (ዳውንሎድ) በመስቀያም (አፕሎድ) ከ2 እስከ 4 ሜጋቢት ይበቃዋል፤ የሚያስቸግረው እሱ ቤት አንዱ ትልቅ ፋይል ማውረድ ሲጀምር ነው። በራውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ወገን የፍጥነት ገደብ ማበጀት ይቻላል። ይህን ሳታደርጉ «እኩል እንከፍላለን» ማለት የጠብ መጀመሪያ ነው። የድሮ ሰፈር ልጅ ከሆኑ በአንድ ቆጣሪ ስድስት ቤት ሲጠቀም በየወሩ መጨረሻ ምን እንደሚባል ያውቁታል፤ «ምጣድ የጣደችው ማናት?»

እዚህ ላይ ከቴክኒኩ የከበደው ጉዳይ አለ። መስመሩ በአባትየው ስም ነው። ከእርስዎ ላፕቶፕ የሚወጣው ሁሉ ለውጭው ዓለም ከእሳቸው ቤት የወጣ ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ልጁ ፈቀደ ማለት አይበቃም፤ ሄደው እሳቸውን ያነጋግሩ፣ ጣራቸው ላይ ምን እንደሚሰቀልም ያሳዩአቸው። ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ፣ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የኮሙኒኬሽን አገልግሎት ለሌላ መስጠት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የቤት መስመር ውል የተጻፈው ለዚያ ቤት ነው። ስለዚህ አባትየው ወይም በእሳቸው ውክልና ልጁ አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ሄደው ለአንድ ሌላ ቤት ማካፈል ውሉ ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት። እርስዎ ከተሳካልዎት በኋላ የታች ፎቅ ተከራይ «ለእኔም» ይላል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለው። በዚህ ጊዜ እምቢ ይበሉ። ለሦስተኛና ለአራተኛ ሰው እያካፈሉ ገንዘብ መሰብሰብ ያለ ፈቃድ የሚካሄድ ንግድ ነው፤ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004ም የተከለከለ ነው።

ለጥንቃቄ፣ የእርስዎ ወገን ከጓደኛዎ ቤተሰብ ኔትወርክ ተለይቶ በእንግዳ ኔትወርክ በኩል ይሂድ፤ እናንተም አትተያዩ፣ የእሱ ታናሽ ወንድም ስልክ ላይ ያለው ቫይረስም የደንበኞችዎ የሂሳብ ፋይል ዘንድ አይድረስ። ሊንኩ ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 በሚባለው የዋይፋይ መቆለፊያ ይቆለፍ፣ ፓስዎርድ ሳይጻፍ የሚያገናኘው ደብሊውፒኤስ የሚለው ቁልፍ ይጥፋ፣ ፋብሪካው የሰጠው የራውተር መግቢያ ፓስዎርድም ይቀየር። የቤትዎ ውስጥ ዋይፋይ የራሱ ስምና ፓስዎርድ ይኑረው፤ ለእንግዳ ሲሰጡ የጓደኛዎን ቤት ቁልፍ እየሰጡ እንዳይሆን።

ሌላ መንገድ አለዎት ወይ? አለ፣ ያልጠየቁኝም ቢሆን። አዲስ አበባ ላይ 4ጂ ከ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ አለ፤ በጥቅምት 2022 ደግሞ ሳፋሪኮም አገር አቀፍ አገልግሎቱን ጀምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት ምርጫ ሆኗል። ሲም የሚገባበት የቤት ራውተር ጣራም አይፈልግ፣ አባትየውንም አያስቸግር፣ ቤት ሲቀይሩም አብሮዎት ይሄዳል። ጉዳቱ ማማው የሚካፈለው ከሰፈሩ ሁሉ ጋር መሆኑ ነው፤ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ሲጨናነቅ ይታያል። ራውተር ከመግዛትዎ በፊት የሁለቱንም ሲም በስልክዎ አስገብተው ላፕቶፕዎን በሆትስፖት ያገናኙና ለሦስት ቀን ስብሰባ በሚኖርዎት ሰዓት ይፈትሹት፤ በመስኮቱ በኩልና በክፍሉ ውስጥ ለየብቻ። ሲፈትሹ መውረጃውን ብቻ አይመልከቱ፤ ስብሰባ ላይ የሚያሳፍረው መስቀያው ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። የሦስት ቀኑን የሲም ፈተና መጀመሪያ ያድርጉ። ከሁለቱ አንዱ በሥራ ሰዓትዎ ያለማቋረጥ 5 ሜጋቢት መስቀያ ከሰጠዎት፣ ወንዙን ለወንዙ ይተዉትና የሲም ራውተር ይግዙ፤ ከአንድ ሰው ጓደኝነትም ከአንድ ሽማግሌ ስምም ነጻ ነዎት። ካልሰጠዎት፣ የአባትየውን ፈቃድና የውሉን መልስ ከያዙ በኋላ ሁለት 5 ጊጋኸርዝ ሲፒኢ ጣራ ለጣራ ይስቀሉ፤ ስልክዎ ላይ ያለውን ሲም መጠባበቂያ ያድርጉ። በሁለቱም መንገድ በራስዎ ስም የጠየቁት የፋይበር ማመልከቻ እንዲቆይ ያድርጉ፣ በየወሩም ይጠይቁ፤ ነጻ ፖርት የሚገኘው አንድ ጎረቤት ሲለቅ ነው፣ ያን ቀን ስምዎ ወረፋው ላይ መኖር አለበት።

ቡስተሩን መልሰው የሚቀበሉዎት ከሆነ ይመልሱ። ካልተቀበሉ ግርጌውን ይመልከቱ፤ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ካለው በማዋቀሪያው ውስጥ አክሰስ ፖይንት የሚል ምርጫ ይኖረዋል። ከሲፒኢው የሚወርደውን ገመድ እዚያ ሰክተው የክፍልዎ ዋይፋይ ያድርጉት፤ ለዚህ ሥራ ደህና ነው፣ ሌላ ራውተር ከመግዛትም ያድንዎታል። ቀዳዳው ከሌለው ግን ለጓደኛዎ ይስጡት፣ የእሱ ቤት ጓዳ ውስጥ ሲግናል የማይደርስበት ጥግ አይጠፋም።